ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ልጆች

ሱዳን ውስጥ የሰው መታወቂያ ያገላበጠ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። አገሩ በሙሉ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት የተወለደ ይመስላል። የልደት ማስረጃ የሌለው ሰው ዕድሜው በግምት ሲወሰንለት ዓመቱ ይገመትና ቀኑ ጃንዋሪ 1 ይባላል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽር እንኳ በይፋ የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ቀን 1944 ነው። በካርቱም ሠፈሮች በካላክላ፣ በዴም፣ በጅሬፍ የኖረው ሐበሻም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ለጎልማሳ ሰው ነገሩ ከሻይ ሻጯ፣ ከሲት ሻይ ዘንድ ተቀምጦ የሚሳቅበት ነው። አንደኛ ክፍል ለሚገባ ልጅ ግን ቀልድነቱ ያበቃል፤ ጎበዝ ወይም ሰነፍ መባሉ ከዚያች በግምት ከተሞላች ቀን ሊመነጭ ይችላልና።

ይህን ስል ስለ ኮከብ እያወራሁ አይደለም። የማወራው ስለ መቁረጫ ቀን ነው። ትምህርት ቤት «እስከዚህ ቀን ስድስት ዓመት የሞላው ይግባ» ባለ ቁጥር አንድ መስመር ያሰምራል። በመስመሩ ዋዜማ የተወለደው የክፍሉ ታናሽ ይሆናል፤ በማግስቱ የተወለደው ዓመት ጠብቆ የሚቀጥለው ክፍል ታላቅ ሆኖ ይገባል። ስለዚህ በአንድ ወንበር በሚቀመጡ ሁለት ልጆች መካከል አሥራ አንድ ወር ሊኖር ይችላል፤ ይህም ለስድስት ዓመት ልጅ ከኖረው ዕድሜ አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው። ኬሊ ቤዳርድና ኤሊዛቤት ዱዌይ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የበለጸጉ አገሮችን የሒሳብና የሳይንስ ፈተና ውጤት መርምረው ነበር። ተማሪዎቹ ከመቶ በደረጃ ቢሰለፉ፣ በአራተኛ ክፍል የዕድሜ ታናሾቹ ከታላላቆቹ ከ4 እስከ 12 ደረጃ ዝቅ ይላሉ። ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱም ልዩነቱ ከ2 እስከ 9 ነው፤ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ይበልጥ የሚያስገርመው በ2018 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣው ነው። መቁረጫቸው ሴፕቴምበር 1 በሆነ የአሜሪካ ግዛቶች፣ በኦገስት የተወለዱ ልጆች ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ሕመም አለባቸው የተባሉት በሴፕቴምበር ከተወለዱት በ34 በመቶ በልጠው ነው። እንዲህ ያለ መቁረጫ በሌላቸው ግዛቶች ልዩነቱ አልታየም። ልጅ መሆን ብቻ እንደ በሽታ ተቆጠረ ማለት ነው።

የካላክላው ሐበሻ ልጅ ከአሜሪካው የባሰ ጣጣ አለበት። የእርሱ የልደት ቀን ሦስት ነው፦ እናቱ የምታስታውሰው፣ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተመለሰው፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው። የእኛ ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ከፈረንጆቹ በ7 ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን በ8። በጥድፊያ አንዱን ቁጥር ብቻ ይዞ ለሁሉም የሚደምር ሰው ሙሉ ዓመት ይስታል። በጥቅምት 2009 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ የ2016 ናት፤ 8 ከተደመረላት ግን የ2017 ትሆንና በወረቀት ዓመት ታንሳለች። በግንቦት 2009 የተወለደው ልጅ ደግሞ የ2017 ሲሆን፣ 7 ከተደመረለት የ2016 ሆኖ ዓመት ይጨምራል። በእውነቱ ልጅቷ በሰባት ወር ትበልጠዋለች፤ ወረቀቱን ላየ መዝጋቢ ግን ታላቁ እርሱ ነው። ጃንዋሪ 1 ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። በነሐሴ 2009 የተወለደ ልጅ፣ ዓመቱ በትክክል ተቀይሮ እንኳ ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ተብሎ ከተጻፈለት፣ ስድስት ሞላው በሚባልበት ዕለት ገና አምስት ዓመት ተኩል አልሞላውም። እቤት አማርኛ፣ ሠፈር ውስጥ የሱዳን ዐረብኛ፣ ክፍል ገብቶ ደግሞ ፉስሓ (የመጽሐፍ ዐረብኛ) የሚጠብቀው ልጅ በዚህ ላይ የወራት ዕዳ ተሸክሞ ይቀመጣል። መምህሩ ይህን ዕዳ የሚያይበት መንገድ የለውም፤ የሚያየው የማይጽፍና የሚያንቀላፋ ተማሪ ነው።

አገር ቤትም ቢሆን የልደት ወሩ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ወሳኝ ኩነቶችን በዘመናዊ መንገድ መመዝገብ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ክፍል በ7 ዓመት ይጀመር ሲል በብዙ ገጠር የሚለካው ዓመት ሳይሆን እጅ ነበር፤ ልጁ ክንዱን በአናቱ ላይ አሻግሮ የወዲያኛውን ጆሮ ከነካ ደርሷል ይባላል። ልኬቱ ብልሃት አለው፤ ግን የሚለካው አጥንትን ነው። በዚያው ጥናት ከመቶ 38ቱ ሕፃናት ለዕድሜያቸው ቁመታቸው የቀነጨረ ነበሩ፤ ስለዚህ በደንብ ያልበላ የስምንት ዓመት ልጅ ጆሮው ጋ ሳይደርስ ይመለሳል፣ የጠገበ የስድስት ዓመት ልጅ ይገባል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። «እኛ ዘንድ የሰባትና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ የወር ነገር የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ይባላል። እኔ ይህን የምሰማው በተቃራኒው ነው። አሥራ አንድ ወር ያን ያህል ልዩነት ካመጣ፣ አራት ዓመት ምን ሊያመጣ ነው? ዕድሜ የተቀላቀለበት ክፍል በራሱ ክፉ አይደለም፤ የቄስ ትምህርት ቤቱም የቁርኣን ትምህርት ቤቱ ኸልዋም ትንሽና ትልቅ አብሮ ያስቀምጣል። ግን በእነዚያ ቤቶች እያንዳንዱ በራሱ እርምጃ ይሄዳል፤ ፊደሉን ያልጨረሰ ዳዊት አይደግምም፣ ገና ያልደረሰውም ከሌላው ጋር ተወዳድሮ ቁጥር አይሰጠውም። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን በካርዱ ላይ «ደረጃ» የምትል ሣጥን አለች። ከ60 ተማሪ 52ኛ የወጣ ልጅ ካርዱን ይዞ ሲመጣ፣ ከፊቱ ካሉት ስንቱ በዕድሜ እንደሚበልጡት ካርዱ አይናገርም። አባት ይገርፋል፣ እናት «ምን ሆነህ ነው?» ትላለች፣ ልጁም ስለ ራሱ አንድ ነገር ያምናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የተማረ ነው፤ ልዩነቱ ከዕድሜ ጋር ይጠፋል የሚል። ማስረጃውም አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የኖርዌይ ጥናት ትምህርት ዘግይቶ መጀመር ወይም ቀድሞ መጀመር በጎልማሳነት ገቢ ላይ የሚያመጣው ለውጥ 30 ዓመት ገደማ ሲደረስ ከሞላ ጎደል እንደሚጠፋ አሳይቷል። እኔም አምናለሁ፤ በኖርዌይ። እዚያ በግዴታ ትምህርት ዘመን ልጅ ወድቆ ክፍል አይደግምም፣ ትምህርት አቋርጦም ሥራ አይገባም። ጊዜ ቁስሉን የሚያሽረው ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ እስከቆየ ድረስ ነው። አራተኛ ክፍል ሁለቴ የወደቀ የስደተኛ ልጅ ግን ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ማን ይጠብቀዋል? ገበያ ወጥቶ ሶፍትና ውኃ መሸጥ ይጀምራል፤ ሴቷ ደግሞ ሰው ቤት ትገባለች።

እንግዲያው ልጁን ዓመት እናቆየው? በአሜሪካ ገንዘብ ያላቸው ወላጆች ሆን ብለው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እኔ ግን ለካላክላ እናት ይህን አልመክርም። ልጇን ቶሎ የምታስመዘግበው ከምኞት ብቻ አይደለም፤ ከማለዳ እስከ ማታ ሥራ ላይ ስትውል የሚጠብቅላት ሌላ ቤት ስለሌላትም ነው። ለሮዳ (ለመዋዕለ ሕፃናት) የሚከፈል ከሌለ አንድ ዓመት መቆየት ማለት አንድ ዓመት ደጅ መዋል ነው። በሴት ልጅ ላይ የሚጨመር ዓመት ደግሞ መጨረሻ ላይ ከጋብቻ ጥያቄ ጋር ይጋጫል፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ዘጠነኛ ክፍል ከሚያገኛት አሥረኛ ቢያገኛት ይሻላል። ችግሩ የልጁ ቀድሞ መግባት ሳይሆን እንደገባ ከታላቆቹ ጋር በአንድ ሚዛን መመዘኑ ነው።

ይህን ጉዳይ አሁን ማንሣቴ በምክንያት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳኑ ጦርነት ካርቱም ላይ ሲጀመር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. ዩኒሴፍ በመላ ሱዳን 19 ሚሊዮን ልጆች ከትምህርት ውጭ መሆናቸውን አስታውቆ ነበር። የሱዳን ሠራዊት ከተማዋን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከካላክላ የወጣው ልጅ በመተማ አድርጎ አገር ቤት ገብቶ ይሆናል፣ ወደ ሌላ የሱዳን ከተማ ሸሽቶ ይሆናል፣ እዚያው ተዘግቶበት ከርሞም ይሆናል። የትም ይመዝገብ የት፣ በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ልጆች ዕድሜ ከበፊቱ የተራራቀ ነው፤ የልደት ወረቀቱም ከቤቱ ዕቃ ጋር ጠፍቷል። አዲስ ወረቀት ሲወጣ እንደገና ጃንዋሪ 1 የሚሰጠው ልጅ ብዙ ነው።

የመንግሥትን መዝገብ መምህር አያስተካክለውም። ስም መጥሪያውን ግን ያስተካክላል። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ዕድሜን በዓመትና በወር የሚይዝ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ እስከ አራተኛ ክፍል «ደረጃ» የምትለዋ ሣጥን ከካርዱ ትውጣ፤ ልጅ ይድገም ከመባሉ በፊት ዕድሜው ይታይ። ወሩን ማግኘት ደግሞ የሚመስለውን ያህል አይከብድም። እናት ቀኑን ብትረሳ በዓሉን አትረሳም፤ ከጥምቀት በፊት ወይስ በኋላ፣ በረመዳን ወይስ በዓረፋ ሰሞን ብሎ መጠየቅ ነው። ክርስትና የተነሣበት ዕለት ከታወቀ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ይበቃል። የክትባት ካርድ ከተረፈም መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው፤ ወረቀቱ ጃንዋሪ ቢልም መምህሩ በእርሳስ ነሐሴ ብሎ ይጻፍ።