ወጥመዱ ቀድሞ ተናግሮ ነበር

እ.ኤ.አ. በ2012 የዌስት ናይል ቫይረስ ዳላስ ካውንቲን ሲያጠቃ ባለሥልጣናቱ መረጃ አልጎደላቸውም። በየሰፈሩ የተጠመዱት ቢምቢዎች በየሳምንቱ ተሰብስበው ይመረመሩ ነበር፤ በአንድ ወጥመድ በአንድ ሌሊት ስንት ቫይረስ ተሸካሚ ቢምቢ እንደሚያዝ የሚያሳየው አሃዝም ይሰላ ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ የብርድ ወራቱ ሳይቀዘቅዝ ማለፉም ራሱን የቻለ ምልክት ነበር። አሃዙ ሲያድግ በቀጣዩ አንድና ሁለት ሳምንት ውስጥ የሕሙማኑ ቁጥር እንደሚከተለው በ2013 ጃማ በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አረጋግጧል። አውሮፕላኖቹ ፀረ ተባይ ለመርጨት የተነሡት ግን ኦገስት ከተጋመሰ በኋላ ነው። መዝገቡ ሲዘጋ በሽታው የ173 ሰዎችን የነርቭ ሥርዓት አጥቅቶ፣ 225 ሰዎችን በትኩሳት ጥሎ፣ 19 ሰዎችን ገድሎ ነበር።

ዳላስ ከ1966 ወዲህ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከአየር ላይ ርጭት አድርጋ አታውቅም ነበር። ነዋሪው ኬሚካሉን ፈራ፤ በካውንቲው ያሉት ከተሞችም ለመሳተፍ እያንዳንዳቸው መወሰን ነበረባቸው። ፍርሃቱ የሚናቅ አልነበረም። ሆኖም ያው ጥናት ከርጭቱ በኋላ በመተንፈሻ ችግርና በቆዳ ሽፍታ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄደው ሰው እንዳልጨመረ አሳይቷል። በጸጥታው ወራት ሊያልቅ ይገባው የነበረ ክርክር ሰው እየሞተ ተካሄደ። (በቴክሳስ ለፈረሱ የዌስት ናይል ክትባት አለው፤ ለባለቤቱ ግን እስካሁን የለውም።)

በጋርላንድና በሪቻርድሰን የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ስለ አገር ቤት ጤና ሲወያይ ነገሩን በገንዘብ ጀምሮ በገንዘብ ይጨርሳል፤ ላቦራቶሪ ይቋቋም፣ ማሽን ይላክ ይላል። የሚኖርበት ከተማ ታሪክ ይህን ሐሳብ ያፈርሰዋል። ዳላስ ላቦራቶሪም ገንዘብም ነበራት፤ ያልነበራት አሃዙ ስንት ሲደርስ ማን በስንት ቀን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የተቆረጠ ውሳኔ ነው።

ድሬዳዋ በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ተነሥቶባታል። ከእስያ የመጣችው የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች፤ በ2022 ደግሞ በድሬዳዋ በበጋ ለተቀሰቀሰው ወባ ምክንያት ሆነች። በመካከሉ ስድስት ዓመት አለ። ያ ጊዜ ለማወቅ በቂ ነበር፤ ለመወሰን ግን ማንም በስሙ ኃላፊነት አልተሰጠውም ማለት ማጋነን አይሆንም። ይህች ቢምቢ ረግረግ አትሻም፤ በርሜልና የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። ሰውንም ከብትንም ትነክሳለች፤ ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሙና የጤና ቢሮው መዝገባቸውን ለየብቻ ቆልፈው ሊይዙ አይገባም።

ከዳያስፖራው የሚጠበቀው ቀጣዩ ስጦታ የማሽን ካርቶን ባይሆን ይመረጣል። የገደቡን አሃዝ፣ የፈራሚውን ሹመት፣ የቀኑን ብዛትና አስቀድሞ የተያዘውን በጀት የሚወስን ሰነድ ለማርቀቅ እውቀቱን ያውል። ከፈራሚዎቹ አንዱ የከተማው ውኃ አገልግሎት መሆን አለበት፤ ቧንቧው በሳምንት አንዴ በሚፈስበት ሰፈር «በርሜላችሁን ክደኑ» የሚለው ምክር ሥራውን ሁሉ በእናቶች ጫንቃ ላይ ይጥላልና።