ሌዘሩ የማንን ቆዳ ያውቃል?

ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር ስትገቡ ግራና ቀኝ የስፌት መኪና ድምፅ ይቀበላችኋል። የሰፈሩ ስም የወጣውም ከዚያው ድምፅ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያው አካባቢ ጨርቅ ትሸጣለች። ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ነው የምትውለው። ከሦስተኛ ልጇ በኋላ ባቷ ላይ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀይና ሰማያዊ ቀጫጭን ደም ስሮች ወጡባት። አያሟትም። ብቻ ታፍርባቸዋለች።

አንድ ቀን ስልኳ ላይ ማስታወቂያ አየች። «በሌዘር፣ ያለ ሕመም፣ ያለ ጠባሳ!» ከሥሩ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ፎቶ አለ። ዕቁብ ደርሷት ስለነበር ሄደች፤ ከፈለች፤ ተተኮሰላት። በሳምንቱ ባቷ ላይ ውሃ ቋጠረ። ቁስሉ ሲደርቅ ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ምልክት በመስመር ተደርድሮ ቀረ። ደም ስሮቹም ገሚሶቹ አሁንም አሉ።

«ከመጀመራቸው በፊት ምን ጠየቁሽ?» አልኳት።

«ስንት ብር እንደያዝኩ ነዋ!» አለችኝ።

ማስታወቂያውን አሳየችኝ። «በፊት» የተባለውም «በኋላ» የተባለውም እግር የፈረንጅ እግር ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች ፎቶ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ሌዘር ብርሃን ነው። ብርሃኑ በቆዳ ውስጥ አልፎ የደሙን ቀይ ቀለም ያገኛል። ቀለሙ ብርሃኑን ውጦ ይሞቃል፣ ሙቀቱ የደም ስሩን ግድግዳ ይጎዳዋል፣ ከዚያ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ጠርጎ ያስወግደዋል። አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን መርህ በ1983 እ.ኤ.አ. ካሳተሙ ወዲህ የቆዳ ሌዘር ሕክምና በእሱ ላይ ቆሟል።

ችግሩ ብርሃኑን የሚውጠው ደም ብቻ አለመሆኑ ነው። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒንም ይውጠዋል። ሜላኒን ደግሞ የሚገኘው ከደም ስሩ በላይ ነው። የጁገልን በር ሳያልፍ ማንም መጋላ አይደርስም፤ ብርሃኑም እንደዚያው ነው። በፈረንጅ ቆዳ ላይ በሩን በሰላም የሚያልፈው መጠን በእኛ ቆዳ ላይ በሩን ራሱን ያቃጥለዋል።

ስለዚህ «ሌዘር» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ሞገዱ አጭር የሆነው፣ ለምሳሌ 532 ናኖሜትር፣ በሜላኒን በብዛት ይዋጣል። 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ ግን ሜላኒን እምብዛም ስለማይውጠው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን ያማል፤ መጠኑ ሲያልፍ ያቃጥላል። አይፒኤል የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ከነጭራሹ ሌዘር አይደለም። ብዙ ዓይነት ሞገድ በአንድ ጊዜ የሚያፈነጥቅ ብርሃን ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይም አደጋው ከፍ ይላል። ማስታወቂያው ግን ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል።

ሐኪሞች ቆዳን በ6 ዓይነት የሚከፍሉበት የፊትዝፓትሪክ መለኪያ አለ። በ1975 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የተሠራው ለነጭ ቆዳ ነበር፤ ቡናማና ጥቁር ቆዳ የተጨመሩት በኋላ ነው። በመለኪያው ላይ እንኳ ዘግይተን የገባን ሰዎች ነን። መሣሪያውን የያዘው ሰው ይህን ካላወቀ ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ነን።

በሚገባ ሲሠራ እንኳ ለጥቂት ቀናት መቅላት፣ ማበጥና መበለዝ ያለ ነው። ከዚያ የሚከፋው የቆዳ መጥቆር ነው፤ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ቆዳው ቀለሙን አጥቶ ከነጣ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ቁስል፣ ኢንፌክሽንና ቋሚ ጠባሳም አሉ። ፊት ላይ ሲሠራ ያለ መከላከያ መነጽር ከሆነ ዓይን ይጎዳል። አንዳንዴም በጠፋው ደም ስር ዙሪያ አዳዲስ ቀጫጭን ስሮች ይወጣሉ። ይህን ሁሉ «ያለ ጠባሳ» በሚል ሁለት ቃል መሸፈን ማታለል ነው።

እግር ላይ ደግሞ ሌላ የማይነገር ነገር አለ። ቀጫጭኖቹን ስሮች ከውስጥ የሚመግብ፣ ደም ወደ ኋላ የሚያፈስ ትልቅ ደም መላሽ ሊኖር ይችላል። እሱ በአልትራሳውንድ ሳይታይ ላዩን ብቻ መተኮስ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው። ለእግር በብዛት የሚቀድመው ሕክምናም ሌዘር ሳይሆን ስሩን የሚያደርቅ መርፌ ነው። እሱም ቆዳን ሊያጠቁር ወይም ሊያቆስል ስለሚችል ባለሙያ ይፈልጋል። በእርግዝና የወጣ ከሆነ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት በራሱ ሊደበዝዝ ይችላል። ይህን ግን ለደንበኛ ለመንገር ማን ይቸኩላል?

ፊት ላይ ስለሚወጡት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከየሱቁ እየተገዙ «ያቀላሉ» የሚባሉ ክሬሞች ውስጥ ብዙዎቹ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለባቸው ናቸው። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ደም ስሮቹም ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ልጅቱ ክሬሙ ያወጣባትን ስር ለማጥፋት ወደ ሌዘር ትሄዳለች፤ ሌዘሩ ያረፈው ግን በሳሳ ቆዳ ላይ ነው። መጀመሪያ መነጋገር ያለብን ስለ ክሬሙ ነው። በድንገት ማቆሙም ቆዳውን ሊያባብሰው ስለሚችል በሐኪም ምክር ይሁን።

«ይሄ የሀብታም ቅንጦት ነው፤ በስንት ችግር መሐል ስለ ባት ታወራለህ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የአክስቴ ልጅ ሀብታም አይደለችም። ገንዘቡ የዕቁብ ነው፤ እግሩም የራሷ ነው። በገዛ ገንዘቧ ማማር ብትፈልግ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ነውሩ እውነቱን የደበቃት ላይ ነው። እኔ ሌዘርን አልጠላም። ከሠለጠነ ሐኪምና ከትክክለኛ መሣሪያ ጋር ጥሩ ሕክምና ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያን በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጎታል። ጤና ቢሮዎችም አሉ። የውበት ሳሎን የንግድ ፈቃድ የሕክምና ፈቃድ አይደለም። ሌዘር የሚተኩስ ቤት ሁሉ የመሣሪያውን ምዝገባና የባለሙያውን ፈቃድ ደንበኛ በሚያየው ግድግዳ ላይ እንዲሰቅል ቢገደድ ምን ይከብዳል? ዳቦ ቤት እንኳ ፈቃዱን ይሰቅላል።

እስከዚያው ድረስ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። የሚሠራልኝ ሐኪም ነው? መሣሪያው ስንት ናኖሜትር ነው? እንደ እኔ ባለ ቆዳ ላይ የሠራችሁትን አሳዩኝ። መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክራችሁ ጥቂት ሳምንት እንጠብቅ። እርጉዝ እንደሆናችሁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒትና ጠባሳችሁ የሚያብጥ መሆኑን እነሱ ካልጠየቋችሁ ራሳችሁ ንገሯቸው፤ ሳይጠይቁ የሚጀምሩ ከሆነ ግን ተነሱና ውጡ። መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሐረር ላይ ሕይወት ፋና አለ፤ ከዚያ ካለፈም አዲስ አበባ አለርት አለ።

የአክስቴ ልጅ አሁንም ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ትሸጣለች። ድሮ የምታፍረው ቀርበው ካላዩት በማይታይ ክር ነበር። አሁን ካልሲዋን ጉልበቷ ድረስ ስባ ነው የምትውለው፣ በዚያ ሁሉ የሐረር ፀሐይ።