«ለበጎ ነው» ከማለታችን በፊት

«ለበጎ ነው» የምትባል ቃል አለችን። ሥራ ሲጠፋ፣ ቪዛ ሲከለከል፣ እጮኛ ሲከዳ… ሁሉም ለበጎ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ይፈርሳል ተብሎ እኛም ዕቃ ስንሸክፍ በቀን ስንቴ እንደተባልናት ቆጥረን አልጨረስነውም። ቃሏ ክፉ አይደለችም። ክፋቱ አይሱዙው ደጅ ቆሞ እናትህ እያለቀሰች ስትባል ነው!

እውነቱን ለመናገር እኛ ልጆቿ የእማዬ ለቅሶ ቶሎ አልገባንም። ቤታችን በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት አንዱ ነበር፤ የቀበሌ ቤት፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ። ገላን ጉራ ደግሞ የራሳችን ሽንት ቤት አለን! በሆዳችን ደስ ብሎን ነበር ብንል ውሸት አይሆንም። እማዬ ግን ለጣሪያው አይደለም ያለቀሰችው። ለእድሩ ነው። ጎረቤቱ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ተበተነ። ድንኳኑ ወዴት ይሂድ? ብረት ድስቱስ? ዕድሜዋን ሙሉ በየወሩ ስትከፍል የኖረች ሴት አንድ ማታ ጀበናውን በጋዜጣ እየጠቀለለች «እንግዲህ እኔን ማን ይቀብረኛል?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

በዚያው ሰሞን ስልካችን ላይ ኤርምያስ 29፥11 ይዘንብ ጀመር፤ ያችው፣ ስለ ሰላም አሳብና ስለ ተስፋ የምትናገረዋ፣ ከበስተኋላዋ ፀሐይ የምትወጣባት ፎቶ ያለባት። ጥቅሷ እውነት ናት። ግን እስቲ ምዕራፉን ከላይ እንጀምረው። ነገሩ እኮ ደብዳቤ ነው፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተጋዙ ሰዎች የተላከ። ከቁጥር 11 በፊት ቁጥር 10 አለ፤ ሰባ ዓመት ይላል። ከዚያ በፊት ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተወሰዳችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብንሄድ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ሁሉም ነገር ይመለሳል ብሎ ሕዝቡን ሲያስደስት እናገኘዋለን። የዛሬው «ለበጎ ነው» ብዙ ጊዜ የሐናንያ ዘመድ ይመስለናል። ኤርምያስ እንደዚያ አላቆላመጣቸውም። ሰባ ዓመት ሲባል የሰሙ ሽማግሌዎች አገራቸውን እንደማያዩ ያን ጊዜውኑ አውቀዋል። ተስፋው የተነገረው ለእነዚህ ሰዎች ጭምር ነው። በእግዚአብሔር አሳብ መታመን ማለት ይኼ ከሆነ፣ በአንድ የስልክ መልእክት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር ይለይልን። የከተማ ፕላን የሰው ፕላን ነው። ሰው ያወጣዋል፣ ሰው ይጠየቅበታል። ጊዜው ለምን እንዲህ አጠረ፣ አብረው የኖሩ ሰዎች ለምን አንድ ቦታ አልደረሳቸውም ብሎ መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም። ዶዘሩ የሠራውን ሁሉ ለእግዜር የምናሸክመው ከሆነማ፣ የሚጠየቅ ሰው ሊገኝ ነው?

እማዬ ኤርምያስን አልጠቀሰችም። ሰሞኑ ወርኃ ጽጌ ነበር፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው፣ እመቤታችን ልጇን አዝላ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት። ጾሙ የፈቃድ ነው፤ እሷ ግን ትጾመዋለች፣ ዕቃ እያሸከመችም ጾማዋለች። መኪናው ላይ ወጥተን ሰፈሩን ስንለቅ ዞር ብላ አላየችም። «እሷም በሌሊት ነው የወጣችው» አለች። ሌላ ስብከት አልሰማንም፣ አላስፈለገንምም።

አሁንም ወር በገባ በ22 ኡራኤል ትሄዳለች፣ ሁለት ታክሲ ይዛ። እኛ «እዚሁ አጠገብሽ ቤተክርስቲያን አለ» ስንላት ትቆጣለች። በሌላ በኩል ግን (ይኼን ያየነው ዘግይተን ነው) ከካዛንቺስ የመጣው ሰው የቱ ብሎክ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደገባ በልጅ ደብተር ላይ ታስጽፋለች። ጉልበቷን እያመማት ደረጃ ወጥታ ታንኳኳለች። የማታውቃቸውንም ከሌላ ሰፈር የመጡ ሴቶች ቡና ጠርታቸዋለች። በቀደም ደብተሩን ስናየው ስሙ ሁለት ገጽ ሞልቷል፤ ርዕሱ ላይ «እድር» ተብሎ ተጽፎ ከፊቱ ክፍት ቦታ ቀርቷል። ካዛንቺስ ይባል አይባል ገና አልተስማሙም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለ፤ ወንበር እንድናመጣ ታዘናል።