ተስፋ ከጓዳ ይጀምራል



«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» የሚለውን ብሂል ያልሰማ ሰው ከመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። ሰው ሥራ ባጣ፣ በታመመ ወይም ባዘነ ጊዜ ሽማግሌዎች ይህንን ቃል ተናግረው ያጽናኑታል። ትርጓሜውም መከራ ሲመጣ ከኋላው ደግ ነገር መሰናዳቱ አይቀርምና ተስፋ አትቍረጥ ማለት ነው። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን አንዳንዶቻችን ቃሉን የምንረዳው ድግሱ ከሩቅ አገር ተጭኖ እስኪመጣ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንደሚገባ አድርገን ነው። የእኔ አሳብ ከዚህ የተለየ ነው። ተስፋ በየዕለቱ በቤት ውስጥ የሚቦካና የሚጋገር ነገር ነው፤ ደጋሹም ከእኛው መካከል ያለ ሰው ነው እላለሁ። ይህንንም ያልሁበትን ምክንያት ከዚህ ቀጥዬ በአጭሩ አስረዳለሁ።

በዕረፍት ሰዓት ከጓደኞቻችን ጋር ስንጫወት ደጋግሞ የሚሰማው ንግግር «ምን ደስ የሚል ነገር አለ?» የሚል ነው። አንዱ ደስታውን ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ቀጥሮታል፤ ሁለተኛው ውጭ አገር እስኪሄድ፣ ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ይጠብቃል። እንዲህ የሚሉትን አልነቅፋቸውም፤ ሥጋታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለምና። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.2 ያህል ብቻ ነበሩ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ወዲህም በእኛ ሰፈር ሁለት እናቶች መንገድ ላይ ተገናኝተው ስለ ዘይትና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሳይነጋገሩ አይለያዩም። እንግዲህ ይህንን ሁሉ እያየ «ምንም ችግር የለም» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል እንጂ ተስፋ አለው አይባልም።

ይሁን እንጂ ደስታውን በሙሉ ለሩቅ ቀን ያስቀመጠ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ምን በልቶ ይቈያል? ፋሲካ በዓመት አንድ ቀን ነው። ዶሮዋ 12 ብልት ሆና የምትቀርበው ለዚያች ዕለት ሲሆን ከፊቷ 55 የጾም ቀኖች አሉ። በእነዚያ 55 ቀኖች ግን ቤታችን ደስታ የሌለበት ሆኖ አያውቅም። የሱፍ ፍትፍት አለ፤ ተልባ አለ፤ ስልጆ አለ፤ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ የሚቀርብ ሽሮ አለ። የእስላም ጎረቤቶቻችንንም በረመዳን ወር አይቻቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ጾመው ማምሻውን ቴምሩን፣ ሾርባውንና ሳምቡሳውን ከበው ሲቀመጡ በፊታቸው ላይ የሚታየው ብርሃን ከምግቡ ብዛት የመጣ አይደለም። አብረው ጠብቀው አብረው በመቅመሳቸው የመጣ ነው። ስለዚህ ደስታ በማዕዱ ትልቅነት ብቻ አይለካም።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው፤ አንድ ግራም እንዲሞላ 3,000 ያህል ፍሬ ያስፈልጋል። ስሙም «ጠፋ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ከእጅ ከወደቀ አይገኝምና። ይህ ደቃቅ እህል ዱቄት ሆኖ ከውሃ ጋር ሲቦካ ካለፈው ሊጥ ተቀንሶ የተቀመጠ እርሾ ይጨመርበታል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቈያል። ከዚያ በኋላ በላዩ የጠለለው ውሃ ይቀነስና ከሊጡ ጥቂቱ በፈላ ውሃ በስሎ፣ አብሲት ሆኖ፣ ተመልሶ ይቀላቀላል። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ ይሰማል፤ በጎመን ዘር ይታሰሳል፤ ሊጡም ከዳር ወደ መካከል እየተዞረ ይፈስሳል። ዐይኑን ሲያወጣ በአክንባሎ ተከድኖ ጥቂት ከቈየ በኋላ በሰፌድ ይወጣል። እኛ በአምስት ደቂቃ ቈርሰን የምንጨርሰው እንጀራ ይህን ሁሉ ቀንና ይህን ሁሉ ድካም ያለፈ ነው።

ከዚህ ሁሉ አሠራር ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ እርሾው ነው። እናቴ ሊጥ በጨረሰች ቍጥር ከበስተ ኋላው ጥቂት ታስቀራለች። ቤት ውስጥ ዱቄት ቢያንስም እንኳ እርሾ መያዝዋን አትተውም። ይህ ምንድን ነው ብትሉኝ ሳምንት ደግሞ እንጋግራለን ማለት ነው እላችኋለሁ። በቃል አልተነገረም፤ በጽሑፍም አልሰፈረም፤ ነገር ግን ነገ እንደሚኖር አምኖ ከዛሬው ላይ ለነገ መቀነስ ከዚህ የበለጠ ተስፋ ከየት ይገኛል? ትናንት የተቀመጠው ጥቂት ነገር የዛሬውን ብዙ ሊጥ ያስነሣል። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶቻችንም ይህንኑ የሚመስል ነገር አይተው መሆን አለበት።

ነገሩ ለንግግር ማሳመሪያ ብቻ እንዳይመስልባችሁ በራሴ ቤት የሆነውን እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት አባቴ ይሠራበት የነበረው አንድ ድርጅት ሥራውን አቆመ። አባቴ በዚያ ምሽት ገብቶ ነጠላውን እንደ ተከናነበ ከመሶቡ ራቅ ብሎ ተቀመጠና «አልራበኝም» አለ። ማንም ምን ሆንህ ብሎ አልጠየቀውም። አያቴ ግን ከሽሮው አጥቅሳ ጠቅልላ እጅዋን ዘረጋችለት። የእናትን ጉርሻ መመለስ ነውር ስለ ሆነ ጐረሰ። «አንድ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ሰጠችው። እርሱንም ጐረሰ። ከዚያም ጠጋ ብሎ ከእኛ ጋር ይቈርስ ጀመር፤ ቀስ እያለም ነገሩን ሁሉ ነገረን። ሌሊቱን ብቻውን ሊሸከመው የነበረውን ነገር ስድስት ሰዎች ሆነን ተካፈልነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ሥጋ ከቤታችን ራቀ። እናቴ ግን የቅዳሜውን ቡና አላስቀረችም። ስኒዎቹ ተደርድረው፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ከአቦሉ እስከ በረካው ድረስ ይጠጣል፤ ቍርሱ ቈሎ ብቻ የሆነበት ቀንም ነበረ። «ቡና ዳቦአችን ነው» የሚባለው እንዲያው አይደለም። በዚያ ቡና ላይ አንድ ጎረቤታችን አባቴ በወጣትነቱ የአናጢነት ሥራ እንደሚያውቅ አስታወሱ፤ በራቸው ተገንጥሎባቸው ስለ ነበረም የመጀመሪያውን ሥራ እርሳቸው ሰጡት። እስካሁን የቀድሞ ደመወዙን የሚያህል ገንዘብ አያገኝም፤ የቤት ኪራይ መክፈያ ቀን ሲደርስም ጭንቀት አለ። ነገር ግን በቤታችን «አበቃልን» የሚል ቃል አልተሰማም። ይህ የሆነው መሶቡና ረከቦቱ በየጊዜያቸው እየቀረቡ ስላሰባሰቡን ነው ብዬ አምናለሁ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ ድህነትን በማር ለውሶ ማጉረስ ነው፤ ሰው በሽሮና በቡና ከተደሰተ ለመሻሻል አይታገልም» ይለኝ ይሆናል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። በባዶ ሆድ ተስፋ እንደማይኖርም አውቃለሁ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕፃናት እንዲመገቡ የተደረገው የራበው ልጅ ፊደል እንደማይገባው ስለ ታወቀ ነው። እኔ ሰው ባለው ይብቃኝ ብሎ ይተኛ አላልሁም። ነገር ግን ለመታገል ጕልበት ያስፈልጋል፤ ጕልበትም የሚገኘው የሚወዱት ሰዎች ባሉበት ቀምሶ፣ ስቆና ተመካክሮ ከሚያድሩበት ቤት ነው። ተስፋ የቈረጠ ሰው የተሻለ ኑሮ ሲፈልግ አላየሁም፤ የሚፈልገው ተስፋ ያለው ነው።

ይህንን ሊቃውንትም ሲመረምሩት ኖረዋል። በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1938 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የተጀመረ አንድ ጥናት አለ። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና ከቦስተን ከተማ ድኾች ሰፈሮች የተመረጡ 724 ወንዶችን ሕይወት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተከታትሏል፤ በኋላም ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ተጨምረውበታል። የደረሱበትም ዋና ነገር ሰውን በጤናና በደስታ የሚያኖረው ከሀብትና ከዝና ይልቅ ከቤተ ሰብና ከወዳጅ ጋር ያለው መልካም ግንኙነት ነው የሚል ነው። የእኛ አያቶች ይህንን ሳይጽፉት በአንድ ማዕድ ከበው በመብላት አስተማሩን።

የዚህንም ዋጋ እኛ ተማሪዎች በአንድ ወቅት በዐይናችን አይተነዋል። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። እጅ መጨባበጥ ቀረ፤ መጐራረስም አስፈራ። በቤታችን ለአያቴ ጤንነት ሲባል ሳሕኗ ለብቻ ሆነ። ምግቡ ያው ምግብ ነበር፤ ወጡም ያው ወጥ፤ አያቴ ግን «ብቻዬን ስበላ አይጣፍጠኝም» ትል ነበር። ከወራት በኋላ ወደ መሶቡ የተመለሰችበት ቀን በበዓል አልተቈጠረም፤ ለእኛ ግን ከበዓል ያላነሰ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ተስፋ በጓዳ የሚሠራ ከሆነ ሠሪው ማን ነው? በብዙ ቤት እናትና እኅት ብቻ ናቸው። እኛ ወንዶች ልጆች ተቀምጠን ጣፋጩን እየበላን የቤተ ሰብን ደስታ ብናወድስ ውዳሴአችን ጎደሎ ነው። እናት በጭስና በድካም ብቻዋን ተቃጥላ የምታቀርበው ማዕድ ለእርስዋ ደስታ ሊሆናት አይችልም። እኔ ወንድ ልጅ ነኝ፤ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ቡና እቈላለሁ፤ ምጣድ ማሰስም ከእናቴ ተምሬአለሁ። ከክብሬ የቀነሰብኝ ነገር የለም። እንዲያውም ሽንኩርቱ እስኪቀላ ድረስ እናቴ የልጅነትዋን ነገር የምታጫውተኝን ያህል በሌላ ቦታ አጫውታኝ አታውቅም።

ስለዚህ ለትምህርት ጓደኞቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቢቻል በየማታው፣ ባይቻል በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቤተ ሰቡ በአንድ ማዕድ ይቀመጥ፤ ስልኩም ከመሶቡ ርቆ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን ወንድም ሆንን ሴት ከዚያ ማዕድ ውስጥ አንዱን ነገር በእጃችን እንሥራ። ሦስተኛ፣ በልተን ስንነሣ ያበሰለውን ሰው «እጅሽ ይባረክ»፣ «እጅህ ይባረክ» ሳንል አንነሣ፤ ይህ ቃል ዋጋው ምንም ነው፤ ደስታው ግን ትልቅ ነው።

ለወላጆቻችንም አንድ ልመና አለኝ። ችግር በቤት ሲገባ «ልጆች አይስሙ» ብላችሁ ብቻችሁን አትሸከሙት። እኛ ዝምታችሁን እንሰማለን፤ ከነገሩም ይልቅ ዝምታው ያስፈራናል። በማዕድ ላይ ብትነግሩን ገንዘብ ባንሰጣችሁም አሳብ እናዋጣለን፤ ጥያቄአችንንም ከአቅማችሁ ጋር እናስተካክላለን።

ይህ መጽሔት በእጃችሁ ሲገባ የዓመቱ ትምህርት ተፈጽሞ ክረምቱ ይብታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በከሰል የሚጠበስ የበቆሎ እሸት አለ፤ ለቡሄ የሚደፋ ሙልሙል አለ፤ መስከረም ሲጠባም አደይ አበባ አለ። አንዳቸውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት የሚያዘጋጅ እጅና አብሮ የሚቀምስ ሰው ነው። በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን ከእናታችን፣ ከአባታችን ወይም ከአያታችን አንድ የምግብ ሙያ እንማር። በሚመጣው ዓመት ስንገናኝም «ምን ደስ የሚል ነገር አለ?» ለሚለን ሰው ሠርተን የምናቀምሰው ነገር ይኑረን። መልካም የዕረፍት ጊዜ እመኝላችኋለሁ።