ለኤሚል ዞላ፦ ቆነጃጅቱ ምን አጠፉ?

ፈረንሳዊው ደራሲ ኤሚል ዞላ እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ሂስ የመልክዓ ምድር ሠዓሊውን ካሚል ኮሮን በቅድመ ሁኔታ አወደሰው፤ በሥዕሎቹ ጫካዎች የሚጨፍሩትን የተረት ቆነጃጅት አጥፍቶ በገጠር ሴቶች ቢተካቸው አብልጦ እንደሚወደው ጻፈ። ሙገሳ የለበሰ ክስ ነው፤ አይጸናም።

አንደኛ፣ ዞላ የተመኛቸው ሴቶች ቀድሞም ነበሩ። ኮሮ በ1820ዎቹ ጣሊያን ሳለ የአገሬውን ሰው በባህል ልብሱ ሥሏል። «አጎስቲና» የተባለችው ጣሊያናዊት ምስልም የዚያው የ1866 ሥራ ናት። ሠዓሊው የሰው ምስሎቹን እምብዛም ለዕይታ አያቀርብም ነበር፤ ሐያሲ ግን ባላየው ሥራ ላይ ምክር ሊሰጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ የኮሮ ቁም ነገር ብርሃን ነው። በ1826 ደጅ ተቀምጦ የሣለውን የናርኒ ድልድይ ንድፍ እንመልከት፦ ፀሐይ፣ ወንዝ፣ ፍርስራሽ፤ አንዲትም የተረት ቆንጆ የለችበትም። ብርሃንን በመሣል የታወቀው ሞኔ እንኳ የተወለደው ከዚያ 14 ዓመት በኋላ ነው። ሠዓሊው ፒሳሮ ራሱን የኮሮ ተማሪ ብሎ ያስመዘገበው፣ ሠዓሊዋ ቤርት ሞሪዞም ከእርሱ ዘንድ የተማረችው ይህን የብርሃንና የጥላ ሚዛን ፍለጋ እንጂ ተረት ፍለጋ አልነበረም።

ኮሮ በእርጅናው ገበያ የወደደለትን ብርማ ጉም መደጋገሙ እውነት ነው። ለዚህ ይወቀስ። ሠዓሊ የሚመዘነው ግን በሣለው እንጂ ሐያሲ በተመኘለት አይደለም።