ስለ ምግብ ማሟያ፤ ለባለቤቶችና ለነጋዴዎች የሚሆን ምክር

የቤተሰብ ጤና በሐኪም እጅ ብቻ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ ከሐኪም በፊት በጓዳና በገበታ ይጠበቃል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው በየቤታችን ሳንመረምረው ስለ ገባ ነገር ነው፤ ይኸውም በውጭ አገር ቋንቋ ሰፕልመንት፤ በእኛ አነጋገር የምግብ ማሟያ የሚባለው እንክብልና ዱቄት ነው።

ለነገሩ መነሻ የሆነን በአዲስ አበባ በልደታ ሰፈር በአንድ ቤት የተደረገው ነው። ባላቸው በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን አገልግለው ያረፉባቸው አንዲት የተከበሩ እመቤት በዚያ ይኖራሉ። የወንድማቸው ልጅ ከባሕር ማዶ ሲመለስ ሁለት ሻንጣ ሙሉ የእንክብል ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ የገዛበትም ገንዘብ የብድር ገንዘብ ነበረ። አንዱን ጠርሙስ ለአክስቱ ስጦታ አቀረበና እንዲህ አላቸው።

«እትዬ፤ በአሜሪካ ይህን ሳይውጥ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ጉልበት ይሰጣል፤ ደም ያጠራል፤ ስኳርም ያወርዳል። እርስዎ ከጋሼ የቀረዎትን ገንዘብ ቢጨምሩልኝ ሌላ ብዙ አስመጣለሁ፤ ትርፉንም እኩል እንካፈላለን።»

እመቤቲቱም ጠርሙሱን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፤ ይህ ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት?» ብለው ጠየቁት።

«ሁለቱንም ነው እትዬ።»

«መድኃኒት ከሆነ ያዘዘው ሐኪም ወዴት አለ? ምግብ ከሆነስ ስለ ምን በፍሬ ተቈጥሮ ይዋጣል? ደግሞስ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በላዩ የተጻፈው ለመሆኑ ማን መረመረልህ? አንድ ነገር ቢያገኘኝስ የምጠይቀው ማንን ነው?»

ልጁ በአሜሪካ በግልጥ የሚሸጥ ስለ ሆነ የተመረመረ ነው ከማለት በቀር ሌላ መልስ አላገኘም። እመቤቲቱ ግን የልብ ሕመም ስላለባቸው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት በየቀኑ የሚወስዱ ናቸው፤ ስለዚህ በቀጠሯቸው ቀን ጠርሙሱን ይዘው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። የመድኃኒት ባለሙያይቱም በጠርሙሱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብባ ቫይታሚን ኬ የተባለው እንዳለበት አሳየቻቸው። ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል የሚያደክም ነው። ለጤነኛ ሰው ጉዳት የማያመጣው ያ ፍሬ እርሳቸውን ሐኪም ሳያውቅ በየቀኑ ቢውጡት ለደም መርጋት ሊያጋልጣቸው በቻለ ነበር። የዘመዱ ልጅ ያቀረበላቸው በፍቅር እንጂ በክፋት አልነበረም፤ ነገር ግን ፍቅር ብቻውን መርማሪ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ እመቤቲቱ ያነሡዋቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ነገሩ ምንድር ነው? ማን መረመረው? ተጠያቂውስ ማን ነው? እያንዳንዱን በተራ እንመልከተው።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ፤ በአገራችን ሕግ መድኃኒት የሚባለው በሽታን ለመመርመር፤ ለማከም ወይም ለመከላከል የሚሰጥ ነገር ነው። የምግብ ማሟያ ግን ከዕለት ምግባችን ሊጐድል የሚችለውን ቫይታሚን፤ ማዕድንና ይህን የመሰለውን ንጥረ ነገር ለመሙላት የሚወሰድ ስለ ሆነ በምግብ ወገን ይቈጠራል። ስለዚህ የምግብ ማሟያ ሻጭ ጐዶሎን ይሞላል ሊል ይችላል እንጂ በሽታን ይፈውሳል ሊል አይገባውም። ይፈውሳል ያለ እንደ ሆነ ከምግብ ወገን ወጥቶ ወደ መድኃኒት ወገን ተሻግሯልና እንደ መድኃኒት ሊመረመር ይገባዋል፤ የመድኃኒትም ምርመራ ከምግብ ይልቅ የጠነከረ ነው።

ይህን በአገራችን ቅጠል እንመስለው። በኮንሶ አገር ሽፈራው የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ተቀቅሎ የዘወትር ምግብ ነው፤ የምትቀቅለውንም እናት የምስክር ወረቀት አምጪ የሚላት የለም። ያው ቅጠል ደርቆ፤ ተፈጭቶ፤ በእንክብል ውስጥ ተከቶ፤ በላዩም የስኳርን በሽታ ያጠፋል የሚል ቃል ተጽፎበት በአዲስ አበባ ሲሸጥ ግን ገዢው ቅጠሉን አያየውም፤ ከምን እንደ ተቀላቀለም አያውቅም፤ የሚያምነው ጽሕፈቱን ብቻ ነው። ቅጠሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ለማወቅ አለመቻሉ ነው። የመንግሥት ምርመራ የሚያስፈልገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን መረመረው የሚል ነበረ። የዘመዱ ልጅ በአሜሪካ የሚሸጥ ሁሉ አስቀድሞ የተመረመረ መስሎት ነበር፤ ብዙ ሰዎችም እንደ እርሱ ያስባሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1937 ዓመት በአሜሪካ አንድ የመድኃኒት ሠሪ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን ጠቃሚ መድኃኒት ዳይኢትሊን ግላይኮል በሚባል ጣፋጭ መርዝ አሟሙቶ በሽሮፕ መልክ ሸጠው፤ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በዚያን ጊዜ መድኃኒት ሳይሸጥ በፊት ደኅንነቱ ይፈተን የሚል ሕግ አልነበረምና፤ በሚቀጥለው በ1938 ዓመት አዲስ ሕግ ወጣ። ሆኖም በ1994 ዓመት በዚያው አገር የወጣው ሌላ ሕግ የምግብ ማሟያን ከዚህ የቅድሚያ ፈቃድ ነጻ አደረገው፤ ደኅንነቱን የማረጋገጥ ኀላፊነት በሠሪው ላይ ሆነ፤ መንግሥትም በአብዛኛው የሚይዘው ዕቃው ገበያ ከገባና ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ሱቅ ተደርድሮ መታየቱ ለመመርመሩ ማስረጃ አይሆንም።

ካልተመረመረ የሚመጣውን ጉዳት ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንጨምር። ሲቡትራሚን የሚባል የውፍረት መቀነሻ መድኃኒት የልብ ድካምና ስትሮክ የሚያስከትል ሆኖ ስለ ተገኘ በ2010 ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ከዚያም ወዲህ ከዕፀዋት ብቻ የተሠራ ተብሎ በሚሸጥ የማክሻ እንክብል ውስጥ ይኸው መድኃኒት ስሙ ሳይጻፍ ተደባልቆ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል። ገዢው ቅጠል የዋጠ መስሎት የተከለከለ መድኃኒት ይውጣል ማለት ነው።

የአገራችን መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። የመድኃኒት ቁጥጥር በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓመት የወጣው የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 ብዙ ዘመን አገልግሏል። ከዚያም በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 176፤ በ2002 ዓ.ም. ምግብንና መድኃኒትን በአንድነት የያዘው አዋጅ ቁጥር 661፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወጡ። ሥራውን የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በእኛ ዘንድ የምግብ ማሟያ አስቀድሞ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ይሸጣል።

ሦስተኛው ጥያቄ ተጠያቂው ማን ነው የሚል ነው፤ የምዝገባም ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። አስመጪ ለመሆን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ለሥራው የሚገባውን የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ ያወጣል። ቀጥሎም ከሠሪው ፋብሪካ ጋር ወኪል የሚያደርገውን ውል ይይዛል። ከዚያ ለባለሥልጣኑ የሚያቀርበው መዝገብ አለ፤ በውስጡም ፋብሪካው በመልካም የአሠራር ሥርዓት የሚሠራ ለመሆኑ ከአገሩ መንግሥት የተሰጠው የምስክር ወረቀት፤ ዕቃው በተሠራበት አገር በነጻ የሚሸጥ ለመሆኑ ማስረጃ፤ በእያንዳንዱ ፍሬ ያለው ነገር ሁሉ ከነልኩ፤ የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት፤ እስከ መቼ ሳይበላሽ እንደሚቈይ የሚያሳይ ጥናት፤ የሚለጠፈው ጽሑፍ ናሙናና የዕቃው ናሙና ይገኙበታል። መርማሪዎቹ ይህን አይተው የጐደለ ሲኖር ይመልሱታል፤ የተሟላ ሲሆን ይመዘግቡታል። ከተመዘገበም በኋላ ዕቃው በመጣ ቁጥር የማስገቢያ ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ በመግቢያውም በር ይፈተሻል። ምዝገባውም ለዘለዓለም አይደለም፤ ዘመኑ ሲያልቅ ይታደሳል።

ይህ ሁሉ ለነጋዴው ድካምና ወጪ መሆኑን አንክድም። መዝገቡ ሲጓተት ሐቀኛው ሲጠብቅ በሻንጣ የሚያስገባው ቀድሞት ይሸጣል፤ ይህም እውነተኛ ቅሬታ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ሹማምንት አንባቢዎቻችን ምርመራውን ሳታላሉ ጊዜውን ብታሳጥሩት ሕግን ታስከብራላችሁ እንጂ አትጐዱም። ነገር ግን ከወረቀቱ ሁሉ በስተጀርባ ያለው አንድ አሳብ ነው፤ ይኸውም ስሙ የታወቀ፤ አድራሻው የተጻፈ፤ ጉዳት ቢደርስ ተፈልጎ የሚገኝ ሰው መኖር አለበት የሚል ነው። በሻንጣ የመጣ ጠርሙስ የሚጐድለው ይህ ሰው ነው።

ደግሞም ምዝገባ የማይናገረውን ነገር ማወቅ ይገባል። የተመዘገበ ዕቃ ለሁሉ ሰው ይስማማል ማለት አይደለም፤ በሽታንም ይፈውሳል ማለት አይደለም። በእመቤቲቱ ጠርሙስ ውስጥ የነበረው በትክክል ተመዝግቦ የመጣ ቢሆን እንኳ ለእርሳቸው አይሆንም ነበር። ምዝገባ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ያረጋግጣል፤ ለአንተ ይሆናል አይሆንም የሚለውን ግን ሐኪምህ ይነግርሃል።

በሌላም በኩል ማሟያን ሁሉ መናቅ አይገባም። ለመፅነስ ያሰበች ሴት በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ አስቀድማ ብትወስድ የፅንሱን የጀርባ አጥንትና የነርቭ አፈጣጠር ጉድለት በብዙ ይቀንሳል፤ ለነፍሰ ጡሮችም በጤና ጣቢያ የብረት ማዕድን ከፎሊክ አሲድ ጋራ ይሰጣቸዋል። ነገር ግን ይኸው ቫይታሚን የተባለ ነገር መጠኑ ሲበዛ ይጐዳል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ቫይታሚን ኤን ከልክ በላይ ብትወስድ ፅንሱን ያበላሽባታል፤ የብረት እንክብልንም ሕፃን ከረሜላ መስሎት ብዙ ቢውጥ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ በየቤታችሁ እንዲህ አድርጉ። ጠርሙስ ስትገዙ የሠሪውንና የአስመጪውን ስም፤ የመለያ ቁጥሩን፤ የተሠራበትንና የሚያልቅበትን ቀን ተመልከቱ። ከታወቀ መድኃኒት ቤት ግዙ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። በጥቂት ቀን ያድናል፤ ብዙ በሽታ ይፈውሳል የሚል ጽሕፈት ስታዩ ይህ ብቻ ለጥርጣሬ ይበቃችኋል። የምትወስዱትን ሁሉ ሳታፍሩ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደ ተባለ እንክብሉንም የደበቀ እንዲሁ ነው። ሕፃናትም ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት።

የልደታው ልጅ ነገር ምን ሆነ የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሠሪው ወኪል ስላልነበረና ያመጣውም መዝገብ ስላልነበረው በሁለት ሻንጣ የመጣው ሊመዘገብ እንደማይችል ተረዳ፤ ሳይመዘገብ መሸጥ ደግሞ በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ መሆኑን አወቀ። ብድሩ ግን የሚከፈልበት ቀን ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ አክስቱ ከባላቸው ከቀረው ገንዘብ ቈጥረው ሰጡትና እንዲህ አሉት።

«ይህን ለዕዳህ እሰጥሃለሁ፤ ለጠርሙሱ ግን አንድ ብር አልሰጥም። እኔ ብጐዳ ይቅር እልህ ነበር፤ ዘመድ ነኝና። የማያውቅህ ሰው ቢጐዳ ግን ማን ይቅር ይልሃል?»

ልጁም ጠርሙሶቹን ሳይሸጥ አስቀረ፤ አሁን ንግዱን በሕጉ መንገድ ለመጀመር ወደ አንድ ሠሪ ፋብሪካ የወኪልነት ጥያቄ ጽፎ መልስ ይጠባበቃል። እመቤቲቱም የመድኃኒታቸውን ስም በትንሽ ወረቀት አስጽፈው ከመነጽራቸው ማኅደር ውስጥ አኑረውታል፤ አዲስ እንክብል ያመጣላቸው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ያን ወረቀት ያነባል።