ሰዓት ብቻውን ዳኛ አይሆንም

በምግብ አዳራሹም ሆነ በመኝታ ቤቱ ስለ ሩጫ ወሬ በተነሣ ቁጥር ተማሪው በሁለት ጎራ ተከፍሎ ሲሟገት እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ሻምበል አበበ ቢቂላ በዚያ ሰዓቱ ዛሬ ቢመጣ ከፊተኞቹ ተርታ አይደርስም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የዛሬዎቹ የሚሮጡት በእግራቸው ሳይሆን በጫማቸው ነው፤ ጫማቸውን አስወልቋቸውና እንያቸው» ሲል ይመልሳል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ለመቃወም የተጻፈ ነው። ሁለቱም የየራሳቸውን ጀግና ከፍ ለማድረግ ሲሉ የሌላውን ላብ ይሰርዛሉና። ከዚህም የከፋው፣ ሁለቱም ዋናውን ነገር፣ ማለት አሯሯጡን ራሱን፣ ፈጽመው ረስተውታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ሰዓትን ብቸኛ ዳኛ አድርጎ ወደሾመው ወገን እንምጣ። ሻምበል አበበ በ1960 ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን የፈጸመው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ ወደ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አወረደው። ሁለቱም በየጊዜያቸው በዓለም ላይ ማንም ያልደረሰባቸው ሰዓቶች ነበሩ። ትዕግሥት አሰፋ ደግሞ በ2023 በርሊን ላይ ያንኑ ርቀት በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨረሰች። እንግዲህ ሰዓት ብቻውን ዳኛ ከሆነ፣ ትዕግሥት የሮማውን አበበን ከሦስት ደቂቃ በላይ፣ የቶኪዮውን አበበን ደግሞ በ18 ሰከንድ ቀድማዋለች ማለት ነው። ለትዕግሥት ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ አበበ ደካማ ሯጭ ነበር» የሚል ጤነኛ ሰው አለን? የሰዓት ወዳጆች እዚህ ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወሬ ይለውጣሉ። ሕጋቸውን ራሳቸው እስከ መጨረሻው ሊከተሉት አይደፍሩም።

አንድ ሌላ ጥያቄም እንጨምርላቸው። ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው በ27 ደቂቃ ከ42.69 ሰከንድ ነው። ሰሎሞን ባረጋ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በዚያው ርቀት ወርቅ ያገኘው በ27 ደቂቃ ከ43.22 ሰከንድ ነው። በመካከላቸው አርባ አንድ ዓመት አለ። መሙ ተለውጧል፤ ጫማው ተለውጧል፤ የምግቡና የሕክምናው እውቀት ተለውጧል። ሰዓቱ ግን ወደ ኋላ በግማሽ ሰከንድ ሸርተት ብሏል! እንግዲህ የሰው ልጅ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ አልተሻሻለም እንበል? አይደለም። ሰሎሞን በዚያ ማታ የሮጠው ለወርቅ እንጂ ለሰዓት አልነበረም፤ ምሩጽም እንደዚሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዓት የሚለካው ሯጩን ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ መሬቱን ይለካል። በኦሊምፒክ ሰው ሠራሽ መም የተነጠፈው በ1968 ሜክሲኮ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የመም ሯጮች የሮጡት በከሰል ድቃቂ ላይ ነበር። ሁለተኛ አየሩን ይለካል። ያችው የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ሻምበል ማሞ ወልዴም እዚያ ማራቶንን ያሸነፈበት 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ በወረቀት ላይ ሲታይ ዘገምተኛ ይመስላል። ተከታዩ ግን ከሦስት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው የገባው። ሦስተኛ ጓደኛውን ይለካል። በሮማ አሯሯጭ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ክብረ ወሰን በሚታቀድባቸው ውድድሮች አሯሯጮች ፍጥነቱን ጠብቀው ከፊት ይመራሉ፤ በመም ላይ ደግሞ በጠርዙ የተተከለ መብራት እየበራ ይመራል። ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2020 የቀነኒሳ በቀለን የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን በ1.99 ሰከንድ ያሻሻለው በዚህ መብራት እየተመራ ነበር። አራተኛም ዓላማውን ይለካል፤ ለወርቅ የሚሮጥና ለሰዓት የሚሮጥ አንድ ሰው እንኳ ቢሆን ሁለት ዓይነት ሩጫ ይሮጣልና።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ወገን እንዙር። እነዚህ ለትናንቱ የሚቆረቆሩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ትናንትን በደንብ አያውቁትም። እውነት ነው፤ ከ2017 ወዲህ የወጣው ሶሉ ወፍራምና ነጣሪ፣ ውስጡም የካርቦን ሰሌዳ ያለው ጫማ የማራቶንን ሰዓት አውርዶታል። የዓለም አትሌቲክስም በ2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ መወሰኑ ነገሩ ቀላል እንዳልነበረ ያስረዳል። ነገር ግን ጫማው የሚሸጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነውን? በበርሊን ከትዕግሥት ጋር የተሰለፉት ተወዳዳሪዎች በጫማ ረገድ የሮማውን አበበን አልመሰሉም፤ እነሱም የዘመኑን ጫማ አድርገው ነበር። እርሷ ግን ሁለተኛዋን ወደ ስድስት ደቂቃ ያህል ቀድማ ገባች። ይህንን ስድስት ደቂቃ ጫማ ሰጣት የሚል ሰው ሌሎቹን ጫማቸው ለምን እንዳልረዳቸው ይንገረን።

ደግሞስ ይህ ሁሉ ጫማ ከመምጣቱ በፊት የተሠራውን ምን ሊሉት ነው? ቀነኒሳ በ2004 ሄንግሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሮጦ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን ዐሥራ ስድስት ዓመት ቆሟል። አልማዝ አያና በ2016 ሪዮ ላይ ለሃያ ሦስት ዓመት ያህል ሳይነካ የኖረውን የሴቶች የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን በ14 ሰከንድ ሰብራዋለች። ሻምበል አበበም ቢሆን የባዶ እግር ሃይማኖት ሰባኪ አልነበረም። በሮማ ጫማ ያልተጫማው ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው፣ እግሩም ያለ ጫማ መሮጥን ስለለመደ ነው፤ በቶኪዮ ግን ጫማም ካልሲም አድርጎ ሮጠ፤ በዚያውም ሰዓቱን በሦስት ደቂቃ አሻሻለ። የተሻለ መሣሪያ ሲያገኝ አልናቀም። እኛ በስሙ እየማልን መሣሪያን የምንንቀው በየትኛው ሥልጣናችን ነው?

ሁለቱም ወገን ወደ ረሱት ወደ አሯሯጡ እንግባ። አሯሯጥ መሰላል አይደለም፤ የኋለኛው ሁሉ ከፊተኛው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ አይቆምም። አሯሯጥ መልስ ነው፤ ዘመን ለሯጩ ጥያቄ ያቀርባል፣ ሯጩም በሰውነቱ ይመልሳል። ለአበበ የቀረበው ጥያቄ ሌላ ሰው ሳይመራህ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ኃይልህን ሳታባክን እንዴት ትጨርሳለህ የሚል ነበር። መልሱን በፊልም ላይ ማየት ይቻላል፤ ራሱ አይናወጥም፣ ትከሻው አይነሣም፣ እጁ ከሚያስፈልገው በላይ አይወዛወዝም፣ ፊቱም ድካሙን ለተቀናቃኙ አያወራም። በቶኪዮ ውድድሩን ከጨረሰ በኋላ በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ ተደንቆ ነበር፤ ያም ትርኢት ሳይሆን የዚያ ቁጥብ አሯሯጥ ማስረጃ ነው። ትርፍ አባወራ የተረፈውን እንደሚያሳይ ያህል ነው።

ለምሩጽ የቀረበው ጥያቄ ሌላ ነበር። እኩል ጉልበት ባላቸው ሰዎች መካከል ሆነህ መቼ ትወጣለህ የሚል። ምሩጽም 300 ሜትር ገደማ ሲቀር በድንገት ፍጥነት እየለወጠ መለሰ፤ «ማርሽ ቀያሪው» የተባለውም በዚህ ነው። ይህም የአንድ ሰው ዘዴ ብቻ አልነበረም። በሞስኮ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ አብረውት ሮጠው መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ ሲወጡ፣ ከዚያ በፊት በሁለት ኦሊምፒኮች የነገሠው ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን አምስተኛ ቀረ። በመጨረሻው ዙር የመፈትለክ ጥበብ ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ሯጮች ሁሉ መለያ ሆነ። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመው፣ ቀነኒሳም በ2008 ቤጂንግ ላይ ሁለቱን ወርቆች የወሰደው በዚያው የምሩጽ ቋንቋ ተናግረው ነው። ታዲያ «ምሩጽ ወይስ ቀነኒሳ?» ብሎ መጠየቅ «ፊደል ወይስ ንባብ?» ብሎ እንደ መጠየቅ አይቆጠርምን?

የኃይሌን ግራ እጅ ደግሞ ተመልከቱ። በልጅነቱ አርሲ ውስጥ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሲመላለስ የለመደው አያያዝ ዓለምን ካሸነፈ በኋላም ከክንዱ አልተለየም። መጽሐፍ አምላኪ አሠልጣኝ ቢያገኘው «ክንድህን አስተካክል» ብሎ በገሠጸው ነበር። እርሱ ግን በዚያው ክንድ በ1998 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ ሮጠ።

ይህ ነገር በሩጫ ብቻ የተወሰነ አይደለም። እንግሊዞች ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ሕንድና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ባሠራጩት ክሪኬት በሚባለው ኳስን በእንጨት የመምታት ጨዋታም ይኸው ክርክር አለ። አውስትራሊያዊው ዶናልድ ብራድማን ከ1928 እስከ 1948 በአገሮች መካከል በተደረጉ 52 ግጥሚያዎች ተሰልፎ በአማካይ 99.94 ነጥብ አስመዝግቧል። የእንጨቱ አያያዝና አነሣሡ የጨዋታው መማሪያ መጽሐፍ ከሚያዘው ውጭ ነበር፤ በልጅነቱ በቀጭን ዘንግ የጎልፍ ኳስ ከውሃ ታንከር ጋር እያጋጨ ብቻውን ነው የተለማመደው። የዛሬው መቺ የራስ ቁር ያደርጋል፤ የሚጫወትበት ሜዳም ከዝናብ ይሸፈናል፤ ብራድማን ሁለቱም አልነበሩትም። የዛሬ ኳስ ወርዋሪ ቢገጥመው ምን ይሆን ነበር? ይህን የሚያውቅ የለም፤ ሊታወቅም አይችልም። ሊታወቅ የሚችለው ግን ይህ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ረዥም ዘመን ተጫውተው ካለፉት ታላላቆች መካከል የተሻሉት በ60 ነጥብ አካባቢ ቀርተዋል። ብራድማንን ትልቅ ያደረገው በእርሱና በሌሎቹ መካከል ያለው ይህ ርቀት ነው።

እንግዲህ እኔ የማቀርበው ሚዛን ሦስት ጥያቄ አለው። አንደኛ፦ ይህ ሯጭ በራሱ ዘመን፣ በዚያው መሬትና በዚያው መሣሪያ ከተሰለፉት ምን ያህል ራቀ? ሁለተኛ፦ ዘመኑ ላቀረበለት ጥያቄ አሯሯጡ ምን መልስ ሰጠ? ሦስተኛ፦ ከእርሱ በኋላ የመጡት ከእርሱ ምን ወሰዱ? በዚህ ሚዛን አበበ በቶኪዮ ተከታዩን ከአራት ደቂቃ በላይ የቀደመበትና ትዕግሥት በበርሊን ወደ ስድስት ደቂቃ የቀደመችበት ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ሌላውን አይጥልም። በዚህ ሚዛን ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትርን በ31 ደቂቃ ከ6.02 ሰከንድ መሮጧ፣ ለተሰንበት ግደይ ደግሞ በ2021 በ29 ደቂቃ ከ1.03 ሰከንድ መሮጧ ደራርቱን አያሳንሳትም። ከደራርቱ በፊት በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች አንዲትም ጥቁር አፍሪካዊት ሴት አልነበረችም፤ በሩን የከፈተው ሰው ደጁን ስንት ሰዓት ላይ አለፈ ተብሎ አይጠየቅም።

«ይህ ሁሉ የጨዋታ ወሬ ለተማሪ ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ይረባዋል። ሰዓት በየመዝገቡ ተጽፎ ይኖራል፤ አሯሯጥ ግን የሚኖረው በሯጩና በአሠልጣኙ ዘንድ ነው። በ2016 አንድ ዓመት ውስጥ ሻምበል ምሩጽንም፣ እነ ደራርቱንና እነ ኃይሌን ያሠለጠኑትን ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬንም በሞት አጣን። የሄደው አስከሬን ብቻ አይደለም፤ በየትኛው ዳገት፣ በስንት ቀን፣ ለምን እንደዚያ ይሮጥ እንደነበረ የሚያውቅ አእምሮ ነው። እኛ ማን ይበልጣል እያልን ስንጯጯህ የሚጠፋው ይህ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተፈረደ ፍርድም እንደዚሁ በጥድፊያ ይረሳል።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንም ለተማሪዎችም የምለው አለኝ። የታሪክ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ሲያጣ አንድ በሕይወት ያሉ የቀድሞ ሯጭ ዘንድ ሄዶ ይቀመጥ፤ የሮጡበትን መሬት፣ ያደረጉትን ጫማ፣ የበሉትን ምግብ፣ የተሰጣቸውን ልምምድ ጠይቆ ይጻፍ። የፊዚክስ ተማሪ በኮን ኢቺካዋ የተሠራውንና በ1965 የወጣውን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ፊልም ያውጣ፤ ቀስ ተብሎ የሚታየውን ክፍል ትቶ በተፈጥሮ ፍጥነቱ በተቀረጸው ላይ የአበበን እግር አንድ በአንድ ቆጥሮ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚረግጥ ያስላ፤ የቀነኒሳንና የትዕግሥትንም ይቁጠርና ጎን ለጎን ያስቀምጥ። የስፖርት ሳይንስ ተማሪም ምክንያቱን ይንገረን። ያን ጊዜ ክርክራችን በጩኸት ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል።

እስከዚያው ግን በምግብ አዳራሹ አበበን ከትዕግሥት፣ ምሩጽን ከቀነኒሳ ለማጣላት የሚነሣ ሁሉ ሦስቱን ጥያቄዎች አስቀድሞ ይመልስ። መመለስ ያልቻለ ቁጥር አይጥቀስብን። የምትቃወሙኝም ካላችሁ ይህ ጋዜጣ የሁላችንም ነውና ብዕራችሁን አንሡ፤ ነገር ግን የሰዓት ዝርዝር ብቻ ይዛችሁ አትምጡ።